ሥልጠናውን የጨረሱ ወጣት ሴቶች ውሳኔ የሚሰጥበት ቦታ ላይ የማናያቸው ለምንድን ነው?

ጥያቄ፦ ከ«ጎህ»

ውድ ተሳታፊዎች፣ ዕድሜያቸው ከ16 እስከ 22 ዓመት የሆኑ ወጣት ሴቶችን ለመሪነት የሚያዘጋጅ አንድ መርሐ ግብር ማስተባበር ከጀመርኩ አራተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ልጆቹ ከተለያዩ አገሮች የተውጣጡ በመሆናቸው አብዛኛውን ጊዜ የምንገናኘው በኢንተርኔት ሲሆን፣ በዓመት አንድ ጊዜ ግን በአካል ተሰባስበን ሁለት ሳምንት አብረን እንቆያለን። ትምህርቱ በሰው ፊት መናገርን፣ ድርድርን፣ የፕሮጀክት አጻጻፍንና በራስ መተማመንን ያካትታል። በመጨረሻዎቹ ቀናት የምክር ቤት አምሳያ እናቋቁማለን፤ ረቂቅ ሕግ ይቀርባል፣ አፈ ጉባኤዋ ሥርዓት ታስከብራለች፣ ተከራካሪዎች ይፋጠጣሉ፣ ድምፅ ይሰጣል። ያንን ክፍለ ጊዜ የተመለከተ እንግዳ ሁሉ ተደንቆ ነው የሚወጣው፤ እውነቱን ለመናገር እኔም በየዓመቱ እንደ አዲስ እደነቃለሁ።

ያሳሰበኝ ከዚያ ወዲያ ያለው ነገር ነው። ሰሞኑን የቀድሞ ተመራቂዎቻችን የት እንደደረሱ ለማወቅ አንድ በአንድ እየደወልኩ ጠየቅሁ። ብዙዎቹ በትምህርታቸውም በሥራቸውም ጎበዞች ናቸው፤ በማኅበርና በኮሚቴ የሚሳተፉትም ጥቂት አይደሉም። ነገር ግን የያዙት ቦታ ሲታይ ጸሐፊ፣ የመስተንግዶ አስተባባሪ፣ የማኅበራዊ ጉዳይ ተጠሪ ወይም ምክትል ነው፤ ገንዘብ የሚያዝዙበት፣ ሰው የሚቀጥሩበት፣ «ይህ ይሁን፤ ያ ይቅር» ብለው የሚወስኑበት ቦታ ላይ ያገኘኋቸው በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። አንዷ ተመራቂ «መናገሩንማ አስተምራችሁኛል፤ ግን እኔ ለመናገር እጄን ሳወጣ ጉዳዩ አስቀድሞ አልቆ ነው የሚጠብቀኝ» አለችኝ፤ የምመልስላት አጣሁ።

ስለዚህ ጥያቄዬ ይህ ነው፤ ጉድለቱ ያለው እኛ ከምናስተምረው ላይ ነው ወይስ ልጆቹ ተመርቀው ከሚገቡበት ቦታ? የትምህርቱን ይዘት ብቀይር ምን ላስገባ፣ ምንስ ላውጣ? በጥናት የታወቀ ነገር የምታውቁም፣ በራሳችሁ ላይ የደረሰ ያላችሁም ብትጽፉልኝ በአክብሮት አነባለሁ።

መልስ፦ ከ«መዝጋቢው»

ጥያቄዎን በማንሣትዎ ላመሰግንዎት እወዳለሁ፤ አብዛኞቹ መርሐ ግብሮች የምስክር ወረቀት የወሰደውን ሰው ቁጥር ቆጥረው ነው የሚያበቁት። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ልናገር።

በዚህ ጉዳይ ላይ ከማውቃቸው ማስረጃዎች ሁሉ ጠንካራው ከሕንድ የተገኘው ነው። ሕንድ በ1993 ሥራ ላይ በዋለ የሕገ መንግሥት ማሻሻያ፣ ከመንደር ምክር ቤት ወንበሮችና ከሰብሳቢነት ቦታዎች አንድ ሦስተኛው ለሴቶች ተጠብቆ እንዲቆይ ደነገገች። በምዕራብ ቤንጋል የትኛው መንደር በየትኛው ምርጫ በሴት እንደሚመራ የሚወሰነው ዕጣ በሚመስል አሠራር ስለነበር፣ ተመራማሪዎች ሴት የመራቻቸውን መንደሮች ካልመራቻቸው ጋር ያለ አድልዎ ማነጻጸር ቻሉ። በ2019 የኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ተሸላሚ ከሆኑት አንዷ ኢስተር ዱፍሎ ከሦስት ባልደረቦቻቸው ጋር በ2012 ያሳተሙት ጥናት 495 መንደሮችንና ከ8,000 በላይ ታዳጊዎችን ያካተተ ነው። በሁለት ተከታታይ የምርጫ ዘመናት ሴት ሰብሳቢ በነበራቸው መንደሮች፣ ወላጆች ለወንድ ልጃቸው በሚመኙትና ለሴት ልጃቸው በሚመኙት መካከል የነበረው ልዩነት በ25 በመቶ፣ ታዳጊዎቹ ራሳቸው ለራሳቸው በሚመኙት ላይ የነበረው ልዩነት ደግሞ በ32 በመቶ ጠበበ፤ በትምህርት ደረጃ የነበረው የወንድና የሴት ልዩነትም ጠፋ። ልብ ይበሉ፤ ለልጃገረዶቹ ማንም ሥልጠና አልሰጣቸውም። ሴት ስትወስን አዩ፤ ይኸው ነው።

ይህ ሲባል ግን አንዲት ሴት ከላይ መቀመጧ ብቻውን በቂ ነው ማለት አይደለም። ያን ጊዜ ሲሎን ትባል የነበረችው ስሪላንካ በ1960 ሲሪማቮ ባንዳራናይኬን በዓለም የመጀመሪያዋ ሴት ጠቅላይ ሚኒስትር አደረገች፤ በዚያች አገር ምክር ቤት የሴቶች ቁጥር ግን ከዚያ በኋላ ለስድሳ ዓመታት ከአሥር አንድ እንኳ ሳይሞላ ቆየ። በአንጻሩ አርጀንቲና በ1991 ባወጣችው ሕግ ከፓርቲ ዕጩዎች ቢያንስ 30 በመቶዎቹ ሴቶች እንዲሆኑ ብቻ ሳይሆን፣ ሴቶቹ በዝርዝሩ ላይ ለመመረጥ በሚያስችል ተራ እንዲሰፍሩ ጭምር አዘዘች። ይህች ሁለተኛዋ ሐረግ ባትኖር ኖሮ ፓርቲዎቹ ሴቶቹን ከዝርዝሩ ግርጌ አስፍረው ቁጥሩን ብቻ መሙላት ይችሉ ነበር። የእርስዎን መልእክት ሳነብ ትዝ ያለኝ ይህ ነው፤ ተመራቂዎችዎ ዝርዝሩ ውስጥ አሉ፤ የሰፈሩት ግን ግርጌ ላይ ነው።

በዓለም ደረጃ በምክር ቤቶች ያለው የሴቶች ድርሻ በ1995 ወደ 11 በመቶ ገደማ ነበር፤ በ2025 መጀመሪያ 27 በመቶ ደርሷል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሥልጠና ሲሰጥ የኖረበት ዓለም መሆኑን አስታውሰው ቁጥሩን ይመልከቱት።

መልስ፦ ከ«ሁለተኛ ረድፍ»

የ21 ዓመት ወጣት ነኝ፤ የእርስዎን በሚመስል ሥልጠና ውስጥ አልፌያለሁና የደረሰብኝን ልጻፍልዎት።

ሥልጠናውን በጨረስኩ በጥቂት ወራት ውስጥ የአንድ የተማሪዎች ማኅበር ምክትል ሰብሳቢ ሆኜ ተመረጥኩ። በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ሰባት ነበርን፤ ከሰባቱ ሴቶቹ እኔና አንዲት ጓደኛዬ ብቻ ነን። ሰብሳቢው ገብቶ እንደተቀመጠ ሰማያዊ ሽፋን ያለውን የቃለ ጉባኤ መዝገብ ከቦርሳው አወጣና፣ ከሌላው ጋር ወሬውን ሳያቋርጥ፣ በጠረጴዛው ላይ ወደ እኔ አንሸራተተው። ቀና ብዬ ሳየው «የእጅ ጽሑፍሽ ያምራል» አለኝ። የእጅ ጽሑፌን አይቶ አያውቅም። ዓመቱን ሙሉ ያ መዝገብ ከእጄ አልወጣም፤ ሰው የተናገረውን የሚጽፍ ሰው ራሱ መናገር እንደማይችል የገባኝም ሦስተኛው ስብሰባ ላይ ነው፤ ሐሳብ ሲመጣልኝ እጄ ገና ያለፈውን ተናጋሪ ዓረፍተ ነገር ሲያሳድድ ይገኛል፤ አጠናቅቄ ቀና ስል ጉዳዩ ተዘግቷል። በሥልጠናው ላይ ትከሻን ቀጥ አድርጎ መቆምን፣ ድምፅን ማጥራትን፣ ዓይን ለዓይን መተያየትን ተምሬ ነበር። ይህንን መዝገብ ወደ መጣበት እንዴት እንደምመልሰው ግን ያስተማረኝ የለም።

በሁለተኛው ዓመት ገንዘብ ያዡ ለቀቀና ቦታውን የሚፈልገው ሰው ስለጠፋ ለእኔ ደረሰኝ። ማንኛውም ክፍያ ያለ እኔ ፊርማ አይወጣም ማለት ነው። አንድ ቀን ከአባላቱ ሁሉ ድምፁ የሚጎላው ልጅ፣ ለአንድ ዝግጅት አወጣሁት ያለውን ሒሳብ በብጣሽ ወረቀት ጽፎ አመጣልኝ። ደረሰኝ ጠየቅሁት። ሳቀ። እኔም ፈገግ ብዬ ወረቀቱን መለስኩለት። ሁለት ቀን ሙሉ አኮረፈኝ፤ በሦስተኛው ቀን ደረሰኞቹን ይዞ መጣ፤ ሲደመሩ መጀመሪያ ከጠየቀው ያንሱ ነበር። በነጋታው በነበረው ስብሰባ መናገር ስጀምር ሰዎቹ ወደ እኔ ዞረው ተመለከቱ። የንግግር ችሎታዬ ያው የድሮው ነው፤ የተለወጠው እምቢ ማለት የምችልበት ነገር በእጄ መኖሩ ነው።

መልስ፦ ከ«ቀጥታ ሒሳብ»

ከላይ የተጻፉትን በጥሞና አንብቤአለሁ፤ ነገር ግን ሁሉንም ጥፋት በቦታው ላይ ማላከክ አይቀናኝም። ሕንድ ከተጠቀሰች ዘንድ ሙሉውን መንገር ይገባል፤ በዚያው የመንደር ምክር ቤት ሥርዓት ውስጥ ሚስት ተመርጣ ሳለች ባል ስብሰባውን የሚመራበት፣ በእርሷ ስም የሚወስንበት አጋጣሚ ብዙ ከመሆኑ የተነሣ ሕንዶች ለዚህ ዓይነቱ ባል ራሱን የቻለ መጠሪያ አውጥተውለታል። ወንበር ብቻውን መሪ አያደርግም።

የእኔ ትችት በሌላ አቅጣጫ ነው። «በራስ መተማመን» የሚባል የትምህርት ዓይነት ያለ አይመስለኝም፤ ሰው በራሱ የሚተማመነው የሚያውቀው ነገር ሲኖር ነው። ተመራቂዎችዎ የማኅበር መተዳደሪያ ደንብ ከፍተው ምልዓተ ጉባኤ ስንት ሰው እንደሆነ፣ አጀንዳ የሚያስይዘው ማን እንደሆነ፣ ውሳኔ በምን ያህል ድምፅ እንደሚሻር ማንበብ ይችላሉ? የሒሳብ መግለጫ ቢሰጣቸው ገንዘቡ የት እንደተቀመጠና ዕዳው ስንት እንደሆነ ያገኙታል? የሥራ ውል ላይ የሚያስጠይቀውን አንቀጽ ለይተው ያወጣሉ? ብዙ ሥልጠናዎች እነዚህን «ደረቅ» ብለው ይዘሏቸውና በምትካቸው ጨዋታና መዝሙር ያስገባሉ። ውሳኔው አስቀድሞ አልቆ የጠበቃት ልጅ ምናልባት አጀንዳው የሚዘጋጀው ከስብሰባው ሦስት ቀን በፊት መሆኑን፣ ማንኛውም አባል በጽሑፍ አጀንዳ ማስያዝ እንደሚችል የሚናገረውን አንቀጽ አላየችው ይሆናል። ወንዶቹም ቢሆኑ ይህን ከእናታቸው ማኅፀን ይዘውት አልወጡም፤ ልዩነቱ ሲኒየሮቻቸው በወሬ መካከል ሹክ የሚሏቸው መሆኑ ነው።

ኮሶ ቢመርም መድኃኒት ነውና ቅር አይበልዎት፤ የምክር ቤቱን አምሳያ አስቀርቼ የበጀት ትምህርት ባስገባ እመርጣለሁ።

መልስ፦ ከ«መዝጋቢው»

ለ«ቀጥታ ሒሳብ» አጭር መልስ አለኝ። ስለ ባሎቹ የተናገሩት እውነት ነው። ነገር ግን እነዚሁ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፣ ሴት ሰብሳቢ ሁለት ጊዜ በተፈራረቀባቸው መንደሮች በሦስተኛው ምርጫ ኮታው ተነሥቶም ሴቶች ከወንዶች ጋር ተወዳድረው የማሸነፍ ዕድላቸው ጨምሮ ተገኝቷል፤ ለውጡ በአንድ ዘመን አልታየም፤ ሁለት ፈጅቷል። የመጀመሪያዋን አይቶ «አልሆነም» ብሎ መፍረድ ችኮላ ነው የምለው ለዚህ ነው። የሹክሹክታው ነገር ግን ልክ ነው፤ በዚያ ላይ አልከራከርዎትም።

መልስ፦ ከ«አወያይ»

ሥራዬ ስብሰባ መምራት ነው፤ የሌሎች ሰዎችን ስብሰባ እየዞርኩ እመራለሁ። ስለዚህ ስለ ክፍሉ ራሱ፣ ስለ አነጋገር ሥርዓቱ ትንሽ ልበል፤ ይህ ነገር ሁልጊዜ ይዘነጋል።

ሁለት አሜሪካውያን የፖለቲካ ሳይንስ ምሁራን፣ ክሪስቶፈር ካርፖዊትዝና ታሊ ሜንደልበርግ፣ አምስት አምስት ሰዎች ያሉባቸውን 94 ቡድኖች አቋቁመው ገንዘብ እንዴት እንደሚከፋፈል እንዲወስኑ አደረጓቸው። በአንዳንዶቹ ቡድኖች የሴቶቹ ቁጥር አነስተኛ፣ በሌሎቹ ብዙ ነበር፤ ግማሾቹ በድምፅ ብልጫ፣ ግማሾቹ ደግሞ ሁሉም ካልተስማሙ ውሳኔ በማይጸናበት ደንብ ሠሩ። ሴቶቹ ጥቂት ሆነው ውሳኔው በድምፅ ብልጫ ሲሆን ከወንዶቹ በጣም ያነሰ ሰዓት ተናገሩ፤ እንዲያው ጥቂት ሆነው ሳለ ደንቡ ወደ ሙሉ ስምምነት ሲለወጥ ግን ልዩነቱ ጠፋ። ሴቶቹ አልሠለጠኑም፣ ድፍረትም አልተወጉም፤ ያለ እርሷ ስምምነት የማያልፍ ነገር ስለነበረ ሰው ጠየቃት፣ እርሷም ተናገረች። ስለ ደረሰኙ የተጻፈውን ሳነብ ነገሩ አንድ ሆኖ ነው ያገኘሁት።

ስለ መዝገቡም ልጨምር። በ2017 በታተመ ሌላ ጥናት፣ ማንም የማይፈልገውንና ለዕድገት የማይጠቅመውን ሥራ በፈቃደኝነት የሚያነሣው ማን እንደሆነ ተፈትኖ ነበር። ወንድና ሴት በተቀላቀሉበት ቡድን ሴቶቹ ከወንዶቹ በብዙ በልጠው እጃቸውን አወጡ፤ ቡድኑ የአንድ ፆታ ብቻ ሲሆን ግን ወንዶቹም ሴቶቹም እኩል ሆኑ። ሥራውን እንዲያከናውን አንድ ሰው ይጠየቅ ሲባልም ጥያቄው አዘውትሮ የሚሄደው ወደ ሴቷ ነው። ስለዚህ «እምቢ በይ» ብሎ ልጅቷን መምከር ጉዳዩን በእርሷ ጫንቃ ላይ መልሶ መጫን ይሆናል። እኔ በምመራቸው ስብሰባዎች ቃለ ጉባኤ የሚያዘው በስም ፊደል ተራ ነው፤ ሊቀ መንበሩም ሲደርሰው ይጽፋል። በመጀመሪያው ቀን ጥቂት ይንጎራጎራሉ፤ በሁለተኛው ማንም ትዝ አይለውም።

መልስ፦ ከ«ጡረተኛዋ»

«ሁለተኛ ረድፍ» ብለሽ ለጻፍሽው ልጄ፣ ያንን ሰማያዊ መዝገብ እኔም አውቀዋለሁ፤ በእኔ ዘመን ሽፋኑ ጥቁር ነበር።

ወደ ጠያቂዋ ልመለስ። ከሠላሳ ዓመት በላይ በሥራ አመራር ላይ ቆይቼ ጡረታ ወጥቻለሁ፤ በእነዚያ ዓመታት የመከርኳቸውን ወጣት ሴቶች ቁጥር አላውቀውም። በሬን ዘግቼ አስቀምጣቸዋለሁ፣ አዳምጣቸዋለሁ፣ እመክራቸዋለሁ፤ አመስግነውኝ ይወጣሉ። ከዚያ በኋላ አንድ ትልቅ ሥራ የሚሰጠው ሰው ሲፈለግና የበላይ ኃላፊዎች ተሰብስበን «ማን ይሻላል?» ስንባባል፣ ከአፌ የሚወጣው የወንድ ስም ነበር። ክፋት አልነበረኝም፤ ለእርሱ ዋስ መሆን አያስፈራኝም ነበር፤ እርሷ ብትሳሳት ግን «አንቺ ያመጣሻት» መባሉን እፈራ ነበር። ይህን ለመናገር ጡረታ መውጣት አስፈልጎኛል። ሄርሚኒያ ኢባራና ባልደረቦቻቸው በ2010 በጻፉት ጽሑፍ ያሉትም ይህንኑ ነው፤ ሴቶች መካሪ አያጡም፤ የሚያጡት በሌሉበት ስማቸውን ጠርቶ የሚከራከርላቸውን የበላይ ነው። መካሪና ዋስ አንድ አይደሉም፤ መካሪው ቃል ያወጣል፤ ዋሱ ግን የራሱን ስም ያስይዛል። እንግዲህ ወደ መርሐ ግብርዎ የሚጋብዟቸውን ትልልቅ ሰዎች ንግግር አድርገው ፎቶ ተነሥተው እንዲሄዱ አያድርጉ፤ እያንዳንዳቸው በዓመቱ ውስጥ አንዲትን ልጅ በስሟ ለአንድ እውነተኛ ኃላፊነት እንዲያቀርቡ ቃል ያስገቧቸው፤ በዓመቱ መጨረሻም ይጠይቋቸው። የሚሸሹ ይኖራሉ፤ ቢሸሹም የማን ማንነት ይለያል።

አንድ የድሮ ነገር ላንሣ። በ1909 ለንደን ውስጥ የወንድ ስካውቶች ሰልፍ ሲደረግ ጥቂት ልጃገረዶች ማንም ሳይጠራቸው የስካውት ልብስ ለብሰው መጡና እኛም ስካውቶች ነን አሉ፤ በተከታዩ ዓመት የልጃገረዶች ድርጅት ተመሠረተ፤ በ1928 ደግሞ ዓለም አቀፉ ማኅበር ተቋቋመ። ዛሬ ከ150 በላይ አገሮች ውስጥ አለ። እኔ የማደንቀው ታሪኩን ብቻ ሳይሆን አሠራሩን ነው፤ ልጃገረዶቹ በትንንሽ ቡድን ይከፈሉና እያንዳንዱን ቡድን ከመካከላቸው አንዷ፣ እንደ እነርሱው ልጅ የሆነች፣ ትመራዋለች። ገና በልጅነቷ ለጥቂት ሰዎች ተጠያቂ ትሆናለች፤ ብትሳሳትም ስሕተቱ ትንሽ ነው፤ በሚቀጥለው ሳምንት ታርመዋለች። «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» እየተባለ በሚተረትበት ቋንቋ ላደግን ሴቶች ይህ ዓይነቱ ልምምድ ከስንት ንግግር ይበልጣል።

የ«ቀጥታ ሒሳብ»ን የበጀት ትምህርት እደግፋለሁ፤ ስለ መዝሙሩ ግን አልስማማም፤ ሰው ደረቅ ነገር ብቻ እየበላ ሁለት ሳምንት አይዘልቅም።

መልስ፦ ከ«ጎህ»

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ፤ ሦስት ጊዜ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። የምክር ቤቱን አምሳያ ለማስቀረት ልቤ አልጨከነም፤ ነገር ግን አንድ ነገር አሁን ነው የታየኝ። በአምሳያው ውስጥ የሚጸድቀው ሕግ ማንንም አይነካም፤ ልጆቹም ይህን ያውቁታል። ስለዚህ በሚቀጥለው ዙር የሁለቱን ሳምንት የፕሮግራም ገንዘብ በከፊል ለእነርሱ ለማስረከብ አስቤአለሁ። የጉዞውን፣ የመማሪያ ቁሳቁሱንና የእንግዶቹን ወጪ የሚመድበው ከመካከላቸው የሚመረጥ ኮሚቴ ይሆናል፤ ያለ ሁለት ፊርማ አንድ ሳንቲም አይወጣም፤ እኔ ራሴ ወጪ ስጠይቅ ደረሰኝ ይጠይቁኛል። ገንዘቡ ቢጎድል ጉድለቱ እውነተኛ ነው፤ አውቶቡሱ ይቀራል። ባልደረቦቼ ከወዲሁ «ልጆቹ ቢያባክኑትስ?» ብለውኛል፤ ወጣት ወንዶችን በምናሠለጥንበት በሌላው መርሐ ግብራችን ይህ ጥያቄ ተነሥቶ እንደማያውቅ አስታወስኳቸው።

የመተዳደሪያ ደንብ ንባብ በመጀመሪያው ሳምንት ይገባል። ተጋባዥ እንግዶቹንም ከመምጣታቸው በፊት የዋስነት ቃል በጽሑፍ እንጠይቃቸዋለን፤ የ«ጡረተኛዋ»ን አነጋገር እንዳለ ልዋሰው ፈቃዳቸውን እጠይቃለሁ። ቀሪው ጥያቄዬ ለ«ሁለተኛ ረድፍ» ነው፤ ስለ ገንዘብ ያዥነት የጻፉትን ለአዲሶቹ ተሳታፊዎች መጥተው ቢያስረዱልን፣ ከኮሚቴውም ጋር የመጀመሪያውን ስብሰባ ቢቀመጡልን ደስ ይለናል።

መልስ፦ ከ«ሁለተኛ ረድፍ»

በደስታ እመጣለሁ። ቃለ ጉባኤው በፊደል ተራ የሚያዝ ከሆነ ግን ስሜ የሚጀምረው በ«ሀ» መሆኑን አስቀድሜ ላሳውቅ፤ ከ«ፐ» ብትጀምሩልኝ።